የታካሚ ደኅንነትና ከሕመም ማገገም፦ ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው ተገልጋዮች የተዘጋጀ መረጃ

የታካሚ ደኅንነት ማለት አንድ ሰው ሕክምና በሚያገኝበት ሂደት ሊወገድ በሚችል ስሕተት ምክንያት ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስበት መጠበቅ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው በዓለም ዙሪያ ሕክምና ከሚያገኙ 10 ሰዎች መካከል አንዱ ገደማ በአገልግሎቱ ሂደት ጉዳት ይደርስበታል፤ ከዚህም ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አስቀድሞ መከላከል ይቻላል። የመድኃኒት መሳሳት፣ በጤና ተቋም ውስጥ የሚተላለፍ ኢንፌክሽን፣ የምርመራ ስሕተት፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት ችግርና ከአልጋ መውደቅ ዋና ዋናዎቹ ናቸው።

ይህን ጉዳት የመከላከል ቀዳሚ ኃላፊነት የጤና ተቋማትና የባለሙያዎች ነው። ሆኖም ታካሚው፣ አስታማሚውና ቤተሰቡ ሊያደርጉት የሚገባ ድርሻ አለ። ይህ ጽሑፍ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በደቡብ ወሎ ዞን የሚኖሩ ተገልጋዮች ከሕክምና በፊት፣ በሕክምና ወቅትና ከሕክምና በኋላ ራሳቸውን እንዴት እንደሚጠብቁ፣ አካላቸውና መንፈሳቸው እንዲያገግም ምን ማድረግ እንደሚገባቸው ያብራራል።

1. የጤና ተቋማትን በቅደም ተከተል መጠቀም

የአገሪቱ የጤና አገልግሎት ከጤና ኬላና ከጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያም ወደ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል፣ ወደ አጠቃላይ ሆስፒታል፣ በመጨረሻም ወደ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይዘልቃል። በአካባቢው የደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከደቡብ ወሎ በተጨማሪ ከሰሜን ወሎ፣ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞንና ከአፋር ክልል ለሚላኩ ታካሚዎች አገልግሎት ይሰጣል። ከደሴ በስተሰሜን የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል በሥጋ ደዌ፣ በቆዳና በዓይን ሕክምና እንዲሁም መድኃኒት በተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ለረጅም ጊዜ የሚታወቅ ተቋም ነው። በኮምቦልቻ ከተማም ሆስፒታልና ጤና ጣቢያዎች አሉ።

ድንገተኛ ያልሆነ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ በአቅራቢያው ወደሚገኘው ጤና ጣቢያ መሄዱ ለራሱ ደኅንነት ይጠቅመዋል። ሁሉም ወደ አንድ ሆስፒታል ሲጎርፍ ወረፋው ይረዝማል፤ ባለሙያውም ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚሰጠው ጊዜ ያጥራል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባላትም አገልግሎቱን የሚያገኙት ዓመታዊ መዋጮአቸውን አሳድሰው ከጤና ጣቢያ በመጀመርና የሪፈር ወረቀት በመያዝ ነው። መድኑ በ2003 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ ሲጀመር ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የደሴ ጎረቤት የሆነው ተሁለደሬ ወረዳ ነበር። ድንገተኛ ሕመም ያጋጠመው ሰው ግን የሪፈር ወረቀት ሳይጠብቅ ወዲያውኑ በአቅራቢያው ወደሚገኝ ድንገተኛ ክፍል መሄድ አለበት።

2. የራስን የሕክምና መረጃ መያዝ

ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መገባደጃ እስከ ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. በነበሩት ሳምንታት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ውስጥ ማለፋቸው ይታወሳል። በዚያ ወቅት የደሴ ሆስፒታልን ጨምሮ በርካታ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ አገልግሎታቸውም ተቋርጦ ነበር። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ፣ የኤች አይ ቪና የሳንባ ነቀርሳ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን ከየት እንደሚያገኙ ለማወቅ ተቸግረው ነበር። በሌላ ከተማ ሕክምናውን ለመቀጠል የሞከረ ሰው ምን ዓይነት መድኃኒት፣ በምን ያህል መጠን ይወስድ እንደነበረ ካላወቀ ባለሙያው ሕክምናውን ከመጀመሪያው መጀመር ግድ ይሆንበታል።

ከዚህ በመነሣት ማንኛውም የረጅም ጊዜ ክትትል ያለው ታካሚ የሚከተሉትን በአንድ ፕላስቲክ ማኅደር አድርጎ በቤቱ እንዲያስቀምጥ፣ በስልኩም ፎቶ አንሥቶ እንዲይዝ ይመከራል፦

- የሕመሙ ስምና ሕክምናው የተጀመረበት ጊዜ፤
- የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ስም፣ መጠንና የሚወሰዱበት ሰዓት፤
- የማይስማማው መድኃኒት ወይም ምግብ፣ ለምሳሌ የፔኒሲሊን አለርጂ፤
- የቅርብ ጊዜ የላቦራቶሪ፣ የራጅና የአልትራሳውንድ ውጤቶች፤
- የደም ዓይነት፣ ከዚህ በፊት የተደረገ ቀዶ ሕክምና፣ ለሴቶች ደግሞ የእርግዝና ሁኔታ፤
- በአስቸኳይ የሚጠራ የቤተሰብ አባል ስልክ ቁጥር።

3. በምርመራ ወቅት ለባለሙያው የሚነገር መረጃ

ትክክለኛ ምርመራ በአብዛኛው የሚጀምረው ታካሚው ከሚናገረው ነው። ሕመሙ መቼ እንደጀመረ፣ ምን እንደሚያብሰው፣ ምን እንደሚያስታግሰውና አስቀድሞ ምን እንደተወሰደ ሳይደበቅ መናገር ያስፈልጋል። ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ኮሶና ሌሎች የባህል መድኃኒቶች ከተወሰዱም መነገር አለባቸው። አንዳንዶቹ ከዘመናዊ መድኃኒት ጋር ሲደባለቁ ጉዳት ስለሚያደርሱ ባለሙያው የሚጠይቀው ለመውቀስ ሳይሆን ለጥንቃቄ ነው።

በዚህ አካባቢ የታካሚው የጉዞ ታሪክ ልዩ ትርጉም አለው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ደጋ ስትሆን፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከሐረጎ ግርጌ የምትገኘው ኮምቦልቻ ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ወባ በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ባሉ ቦታዎች ይከሰታል። ስለዚህ በደሴ የሚኖር ሰው ትኩሳት ቢይዘው በቅርብ ሳምንታት ወደ ኮምቦልቻ፣ ወደ ሐርቡ፣ ወደ ባቲ ወይም ወደ አፋር ሄዶ እንደነበረ መናገር አለበት። ይህ አንድ ቃል ሳይነገር ቢቀር ወባው እንደ ተራ ጉንፋን ሊታይና ሕክምናው ሊዘገይ ይችላል።

በፋብሪካ የሚሠሩ ሰዎችም የሥራቸውን ዓይነት፣ በተለይ ከጥጥ ብናኝ፣ ከኬሚካልና ከከፍተኛ ድምፅ ጋር የሚያገናኛቸው መሆኑን መግለጽ ይኖርባቸዋል። አማርኛ የማይናገር ታካሚ ደግሞ አስተርጓሚ እንዲፈለግለት መጠየቅ ይችላል።

4. የታካሚው መብትና ፈቃድ

በምግብ፣ መድኃኒትና ጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር ደንብ ቁጥር 299/2006 እንደተደነገገው ታካሚ ስለሚሰጠው ሕክምና ተነግሮት በፈቃዱ መታከም፣ የሕክምና ምስጢሩም መጠበቅ አለበት። አንድ ሰው የስምምነት ቅጽ ላይ ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች መጠየቅ መብቱ ነው፦ ሕመሜ ምንድን ነው? የሚደረግልኝ ሕክምና ምን ጥቅምና ምን ጉዳት አለው? ሌላ አማራጭ አለ ወይ? ባልታከም ምን ይከተላል? መልሱ ካልገባው በድጋሚ እንዲብራራለት መጠየቁ እንደ ድፍረት አይቆጠርም። ለአካለ መጠን የደረሰችና ራሷን የምታውቅ ሴት ስለ ራሷ ሕክምና የመወሰን መብቷ የራሷ ነው፤ ባል፣ አባት ወይም ወንድም ሊመክር ይችላል እንጂ በእርሷ ፈንታ አይወስንም። ራሱን የሳተና አስቸኳይ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ግን ፈቃድ እስኪገኝ ድረስ ሕክምናው አይዘገይም።

5. በተኝቶ ሕክምናና በቀዶ ሕክምና ጊዜ

መድኃኒት፣ መርፌ ወይም ደም ከመሰጠቱ በፊት ባለሙያው የታካሚውን ሙሉ ስም ማረጋገጥ አለበት። በደቡብ ወሎ መሐመድ፣ ሰዒድ፣ ፋጡማ፣ ዘይነባ የመሳሰሉ ስሞች በአንድ ክፍል ውስጥ ሊደጋገሙ ስለሚችሉ የአባትና የአያት ስም እንዲሁም የካርድ ቁጥር ጭምር መጠቀም ከስሕተት ያድናል። ባለሙያው ሳይጠይቅ ቢቀር ታካሚው ወይም አስታማሚው ራሱ ስሙን ሊያስታውሰው ይገባል።

የእጅ ንጽሕና ኢንፌክሽንን ለመከላከል ቀላሉና ውጤታማው መንገድ ነው። በሳሙናና በውኃ ሲሆን ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ሲሆን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መታሸት አለበት። ታካሚው «እባክዎ እጅዎን ታጥበዋል?» ብሎ በአክብሮት መጠየቅ ይችላል።

ቀዶ ሕክምና የሚደረግለት ሰው ከማደንዘዣ በፊት መቼ ምግብና መጠጥ ማቆም እንዳለበት ጠይቆ በትክክል መፈጸም ይኖርበታል፤ ሆዱ ባዶ ሳይሆን ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ያስመለሰው ምግብ ወደ ሳንባው ገብቶ ሕይወቱን ለአደጋ ሊያጋልጥ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው 19 ነጥቦች ያሉት የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መቆጣጠሪያ ቅጽ የታካሚውን ማንነት፣ ቀዶ ሕክምናው የሚደረግበትን የአካል ክፍልና አለርጂን በቃል ማረጋገጥን ያካትታል። ስለዚህ ታካሚው ስሙንና የሚታከመውን አካል ደጋግሞ ቢጠየቅ ሊደነግጥ አይገባም፤ ጥያቄው የሚደጋገመው ሆን ተብሎ ነው።

ደም የሚያስፈልገው ታካሚ ቤተሰብ ደም ከግለሰብ ለመግዛት መሞከር የለበትም። ደም የሚሰበሰበው በፈቃደኝነት ከሚለግሱ ሰዎች ነው። በደሴ የደም ባንክ አለ፤ ዕድሜው ከ18 እስከ 65 ዓመት የሆነና ክብደቱ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ ጤነኛ ሰው በየ3 ወሩ መለገስ ይችላል።

6. መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድ

- መድኃኒት የሚገዛው ፈቃድ ካለው መድኃኒት ቤት ብቻ ነው። ማሸጊያው የተከፈተ፣ የመጠቀሚያ ጊዜው ያለፈበት ወይም በገበያ በየመንገዱ የሚሸጥ መድኃኒት መገዛት የለበትም።
- ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ያለ ባለሙያ ትእዛዝ አይወሰድም፤ ለጎረቤትም አይካፈልም።
- የሳንባ ነቀርሳ መደበኛ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል። ታካሚው ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሳሉ ሲቆምለት ቢያቋርጠው በሽታው መድኃኒቱን ተላምዶ ይመለሳል፤ ያኔ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳልም።
- ኢንሱሊን ሙቀት ይጎዳዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት፣ በተለይ እንደ ኮምቦልቻና ሐርቡ ባሉ ሞቃት ቦታዎች፣ በውኃ በራሰ አሸዋ ውስጥ በተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ጥላ ሥር ማቆየት ይቻላል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን መወገድ አለበት።
- መድኃኒት ከተወሰደ በኋላ የቆዳ ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ ማጠር ከታየ በአስቸኳይ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። የመድኃኒት ጉዳትና አጠራጣሪ መድኃኒት ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ የስልክ መስመር 8482 ይጠቆማል።

7. ስብራትና ወጌሻ

አጥንት ሲሰበር ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ወጌሻን ነው። ወጌሻ ከትውልድ ወደ ትውልድ የመጣ ዕውቀት ያለው ሰው ቢሆንም፣ በቀርከሃ ወይም በእንጨት ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ እጅ ወይም እግር ደም ተቋርጦበት ሊበሰብስና እስከ መቆረጥ ሊደርስ ይችላል። ይህ ከሚደርስባቸው መካከል ሕፃናት ይገኙበታል። ማሰሪያው የወጌሻም ይሁን የሆስፒታል ጀሶ፣ ከታሰረ በኋላ ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ጣቶች ከቀዘቀዙ፣ ከደነዘዙ፣ ካበጡ ወይም ከጠቆሩ ሌሊትም ቢሆን ሳይጠብቁ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው። የሰዓታት መዘግየት አካልን ያሳጣል። ቆዳን ቀዶ የወጣ አጥንት ካለ ከመጀመሪያውም ወደ ሆስፒታል እንጂ ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አያስፈልግም።

8. ወደ ቤት ከተመለሱ በኋላ አካልን መንከባከብ

ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የመድኃኒቱን አወሳሰድ፣ የቀጠሮውን ቀን፣ የሚከለከለውንና የሚፈቀደውን ምግብ እንዲሁም ሊያሰጉት የሚገባ ምልክቶችን በጽሑፍ መቀበል አለበት። ማንበብ የማይችል ከሆነ አስታማሚው በፊቱ ቢያነብለትና የሰማውን መልሶ በራሱ ቃል ቢናገር ያልገባው ነገር ይታወቃል።

የቀዶ ሕክምና ቁስል ደረቅና ንጹሕ ሆኖ መቆየት አለበት። ቅቤ፣ የቡና ዱቄት፣ አመድ ወይም ቅጠል መጨመር ቁስሉን ያመረቅዛል። መቅላት፣ ሙቀት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ ወይም ትኩሳት ከታየ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም። ባለሙያው እስካልከለከለ ድረስ ከአልጋ ተነሥቶ ቀስ በቀስ መራመድ የደም መርጋትንና የሳንባ ምችን ይከላከላል።

ቁስል እንዲድን ሰውነት ገንቢ ምግብ ይፈልጋል። ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ጎመንና ፍራፍሬ በአካባቢው የሚገኙ ናቸው፤ ውድ ምግብ መግዛት ግዴታ አይደለም። ለወለደች እናት የሚዘጋጀው ገንፎ መልካም ነው፤ ከእርሱ ጋር እንቁላል፣ አትክልትና በቂ ፈሳሽ ቢጨመር ይበልጥ ይጠቅማታል።

9. አስታማሚና ጥየቃ

የታመመን መጠየቅ በወሎ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም የጋራ ባህል ነው። ጠያቂ ሲመጣ ታካሚው ይጽናናል። ነገር ግን በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው አልጋውን መክበቡ ዕረፍት ይነሣዋል፤ ኢንፌክሽንም ሊያመጣ ይችላል። ሁለት ሁለት ሆኖ፣ በተፈቀደው ሰዓት፣ እጅን ታጥቦ መጠየቅ ይመረጣል። ጉንፋን የያዘው ሰው በስልክ ቢጠይቅ ይሻላል። በታካሚው ፊት በዚያው ሕመም ስለ ሞቱ ሰዎች ማውራት መንፈሱን ይሰብራል። የቅሬ አባላትም ለሐዘን ብቻ ሳይሆን ለታመመ አባል ትራንስፖርትና ተራ ገብቶ ማስታመም ቢያደራጁ የቤተሰቡን ሸክም ያቀልላሉ።

አስታማሚም ይደክማል። በአንድ ሴት ልጅ ወይም በአንዲት እናት ላይ የወደቀ ማስታመም በቤተሰቡ አባላት ተራ ሊከፋፈል ይገባል።

10. የመንፈስ ቁስልና ማገገሙ

ከባድ ሕመም፣ ቀዶ ሕክምና፣ የወሊድ ችግር፣ የቤተሰብ ሞትና ጦርነት በአእምሮ ላይም ቁስል ይተዋሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ መባነን፣ የተፈጸመው ነገር ደጋግሞ ፊት ላይ መምጣት፣ በድምፅ መደንገጥ፣ ከሰው መራቅ፣ ምክንያቱ የማይታወቅ የራስ ምታትና የልብ ትርታ ከምልክቶቹ ይገኛሉ። እነዚህ ከአስደንጋጭ ክስተት በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለብዙ ሰው የሚያጋጥሙ ሲሆን፣ ከአንድ ወር በላይ ከቆዩ ወይም ሥራንና የቤት ኑሮን ካወኩ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ድባቴና ጭንቀት የእምነት ማነስ ወይም የስንፍና ምልክት አይደሉም፤ በምክርና በመድኃኒት የሚድኑ ሕመሞች ናቸው። የደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ የመጀመሪያ ምርመራው ግን በጤና ጣቢያ ሊጀመር ይችላል።

ታካሚውን ለማገዝ ከሁሉ በፊት ማዳመጥ ያስፈልጋል። «እርሳው»፣ «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ማለት አይጠቅምም። የተደፈረች ሴት የደረሰባትን እንድትናገር አትገደድም፤ ሆኖም ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም መድረሷ ወሳኝ ነው። ጊዜው ቢያልፍም ሌላው ሕክምናና ምክር ይሰጣታል። ራሱን ስለ ማጥፋት የሚናገር ሰው ቃሉ ተንቆ መታለፍ የለበትም፤ ብቻውን ሳይተው፣ መድኃኒትና ፀረ ተባይ ኬሚካል ከአጠገቡ ርቆ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ጸሎት፣ ጸበል፣ ዱዓና ወዳጃ ለብዙ የወሎ ሰው የመጽናኛ ምንጭ ናቸው፤ ከሕክምና ጋር ጎን ለጎን ሊሄዱም ይችላሉ። አደጋው የሚመጣው መድኃኒት ሲቋረጥ ነው። የኤች አይ ቪ፣ የሚጥል በሽታ፣ የስኳርና የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ወደ ጸበል ቦታም ሆነ ወደ ዱዓ ሥፍራ ተይዞ መሄድ አለበት። ታካሚን በሰንሰለት ማሰርና መምታት ጉዳት እንጂ ፈውስ አያመጣም። በጾምና በረመዳን ወቅት የስኳር ታካሚ ከመጾሙ በፊት ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ማማከር ይኖርበታል፤ ሁለቱም እምነቶች ለታመመ ሰው ከጾም ነፃ የሚሆንበትን መንገድ ይሰጣሉ።

11. ወደ ሥራ መመለስ

ብዙ ሠራተኛ ሥራውን እንዳያጣ በመስጋት ሳይድን ይመለሳል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ የማግኘት መብት አለው፦ የመጀመሪያው 1 ወር ከሙሉ ደመወዝ ጋር፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ከግማሽ ደመወዝ ጋር፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ። ሠራተኛው አሠሪው በሌላ መንገድ ካላወቀ በስተቀር ከሥራ በቀረ ማግስት ማሳወቅና የሕክምና ማስረጃ ማቅረብ ይጠበቅበታል።

12. ቅሬታ ሲኖር

ስሕተት ተፈጽሟል ብሎ የሚያምን ታካሚ በመጀመሪያ ለክፍሉ ኃላፊ፣ ቀጥሎም ለተቋሙ የቅሬታ ማስተናገጃ ያመለክታል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ክፍሉንና የሆነውን በአጭሩ ጽፎ ቅጂውን መያዝ ይጠቅመዋል። መልስ ካላገኘ ለከተማው ወይም ለዞኑ ጤና መምሪያ፣ ከዚያም ለአማራ ክልል ጤና ቢሮ ማቅረብ ይችላል። ቅሬታ ማቅረብ ቀጣዩን ሕክምና የሚያስከለክል ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ ዓላማውም ያው ስሕተት በሌላ ታካሚ ላይ እንዳይደገም ማድረግ ነው።

ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬዱ ምልክቶች

- የማያቆም የደም መፍሰስ፣ በተለይ በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ፤
- የትንፋሽ ማጠር ወይም ከባድ የደረት ውጋት፤
- ድንገተኛ የፊት መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል ወይም የአንደበት መተሳሰር፤
- ራስን መሳት ወይም የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ፤
- ጡት መጥባት ያቃተው ወይም የማይነቃ ሕፃን፤
- የስኳር ታካሚ ላብ፣ መንቀጥቀጥና ግራ መጋባት። መዋጥ የሚችል ከሆነ በመንገድ ላይ ሳለ ስኳር የተበጠበጠበት ውኃ ይሰጠዋል።

ለአምቡላንስ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርን በ907፣ ለጤና መረጃ ደግሞ የጤና ሚኒስቴርን ነፃ የጥሪ ማዕከል በ952 ማግኘት ይቻላል።